የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአየርላንድና የብሪታንያ ነገር

የታሪክ ክበባችን የዘንድሮውን የጥናት ርዕስ ያገኘው ከእግር ኳስ ወሬ ነው። በመስከረም መጨረሻ ባደረግነው የመጀመሪያ ስብሰባ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ የአየርላንድ ደሴት በእግር ኳስ ሁለት ብሔራዊ ቡድን እያሰለፈች በራግቢ ግን ልጆቿ ሁሉ በአንድ ማሊያ የሚጫወቱት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። በሁለት ዓረፍተ ነገር ልመልስለት ጀምሬ አልሆነልኝም። ድንበሩ የተሰመረበትን 1921ን ለማስረዳት የ1801ዱን ውሕደት፣ ውሕደቱን ለማስረዳት ደግሞ የ17ኛውን መቶ ዘመን ሰፈራ ማንሳት ግድ ሆነብኝና መልሱን ሳልጨርስ ደወል ተደወለ። በሚቀጥለው ሳምንት አባላቱ ድምፅ ሰጥተው የአይሪሾችንና የብሪታንያውያንን የፖለቲካ ግንኙነት የዓመቱ ርዕስ አደረጉት። በዚህ ዘገባ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክበቡ በዚህ ዓመት 26 አባላት ነበሩት። ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እየተገናኘን፣ አንዱ ቡድን ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሲያቀርብ ሌላው እንዲጠይቅና እንዲሞግት አድርገን ሠርተናል። ከጅምሩም አንድ ደንብ አወጣን፤ ማንኛውም አቅራቢ አንድን ወገን ከመውቀሱ በፊት የዚያን ወገን አቋም፣ ባለቤቱ ቢሰማው «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» በሚልበት መልክ ማቅረብ አለበት። ይህ ደንብ ከሁሉም በላይ ተማሪዎቹን ያደከማቸውና፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከሁሉም በላይ የጠቀማቸው ነው።

የጥንቱን ዘመን በሦስት ሳምንት ጨረስነው። በ1171 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ወደ አየርላንድ መሻገራቸውን፣ በ1541 ደግሞ ሄንሪ 8ኛ የአየርላንድ ንጉሥ መባላቸውን በአጭሩ ከተመለከትን በኋላ፣ ከ1609 ጀምሮ በሰሜኑ በአልስተር የተካሄደው ሰፈራ ላይ ቆም አልን። የአካባቢው የአይሪሽ መሳፍንት በ1607 አገር ጥለው ከወጡ በኋላ መሬቱ ተወርሶ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ፣ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ለሆኑ ሰፋሪዎች ተሰጠ። በ1690 በቦይን ወንዝ ዳር ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም ካቶሊኩን ጄምስ 2ኛን ድል ካደረጉ ወዲህም ካቶሊኮች መሬት እንዳይገዙ፣ መሣሪያ እንዳይዙ፣ በፓርላማም እንዳይቀመጡ የሚከለክሉ ሕጎች ተከታትለው ወጡ። የመሬት፣ የሃይማኖትና የሥልጣን ጥያቄ እንዲህ በአንድ ቋጠሮ ታሰረ። ርስት የሚለውን ቃል ክብደት ከቤታቸው ይዘው ለመጡ ልጆች ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። ያስገረማቸው ሌላ ነገር ነበር፤ በ1798 የእንግሊዝን አገዛዝ በመቃወም የተነሣው ዓመፅ ዋና መሪ የነበሩት ዎልፍ ቶን ራሳቸው ፕሮቴስታንት መሆናቸው። ዓመፁ ከሸፈ፤ በ1801 የደብሊን ፓርላማ ተዘግቶ አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ተዋሐደች፤ ካቶሊኮችም በዳንኤል ኦኮኔል መሪነት ታግለው በለንደኑ ፓርላማ የመቀመጥ መብት እስኪያገኙ ድረስ እስከ 1829 መጠበቅ ነበረባቸው።

በኅዳር ወር ታላቁን ረሃብ አጠናን። በ1845 የድንችን ቅጠልና ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ገባ፤ ድንች ደግሞ የድሃው አይሪሽ ዋና፣ ለብዙዎቹም ብቸኛ ምግብ ነበር። በ1841 የሕዝብ ቆጠራ ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወረደ፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም። እልቂቱን በሽታው አመጣው ወይስ መንግሥት በሚለው ላይ ክርክሩ ሲጋል፣ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣችው ነጥብ እኔንም አሳሰበኝ። በ1847 በጋ መንግሥት ባቋቋማቸው የሾርባ ማደያዎች በቀን ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይመገብ ነበር፤ ማደያዎቹ ግን በዚያው ዓመት ተዘግተው የተራበውን የመርዳት ሸክም በራሱ በአየርላንድ ግብር ከፋይ ላይ ተጣለ። «ሦስት ሚሊዮን ሰው ማብላት ከተቻለ፣ ማቆሙ ውሳኔ ነው» አለች። በዚያ ሐሙስ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ለየት ያለ ነበር፤ ከልጆቹ መካከል ስለ 1977 ዓ.ም. ከአያቶቻቸው አፍ የሰሙ ነበሩና። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አይሪሾች ከለንደን ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ሲመዝኑ ይህን እንዳልረሱ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከገና በኋላ ወደ ካርታው ዞርን። ለአየርላንድ የራስ አስተዳደር የሚሰጠው ረቂቅ ሕግ በጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ዘመን በ1886 እና በ1893 ወደቀ፤ ሦስተኛው በ1912 ሲቀርብ ግን የመኳንንቱ ምክር ቤት ሕግን ለዘለቄታው የማገድ ሥልጣኑን ከአንድ ዓመት በፊት አጥቶ ስለነበር መጽደቁ የማይቀር ሆነ። በዚህ ጊዜ ከብሪታንያ ጋር ያለው አንድነት እንዲጸና የሚፈልጉት የአልስተር ፕሮቴስታንቶች ተነሡ፤ በመስከረም 1912 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶችና ሴቶች ራስ አስተዳደሩን እንደሚቃወሙ በፊርማቸው ቃል ገቡ። የእነርሱን አቋም እንድታቀርብ የተመደበችው ተማሪ መጀመሪያ «ጨቋኞችን አልከላከልም» ብላ እምቢ ብላ ነበር። ደንባችንን አስታውሻት ሁለት ሳምንት አነበበች። ከዚያም በቤልፋስት የመርከብ ሥራና የተልባ እግር ጨርቅ ፋብሪካዎች እንጀራቸው ከብሪታንያ ገበያ ጋር የተሳሰረ ሠራተኞችን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ መሄጃ ሌላ አገር የሌላቸውን ገበሬዎች፣ በደብሊን ፓርላማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገዛቸው የሚፈሩ ቤተሰቦችን ሥጋት እንዲህ አድርጋ አቀረበችው፤ ጓደኞቿ ለመሞገት ጊዜ ወሰደባቸው።

ካርታውን በትልቅ ወረቀት የሳሉት ተማሪዎች ሌላ ነገር አስተዋሉ። አልስተር ዘጠኝ አውራጃዎች ሲኖሩት ሰሜን አየርላንድ የተባለው ግዛት ግን ስድስቱን ብቻ ይዟል። ዘጠኙ ቢጠቃለሉ የፕሮቴስታንቱ ብልጫ እጅግ ጠባብ ይሆን ስለነበር ዶኔጋል፣ ካቫንና ሞናሃን ከውጭ ቀሩ። ድንበር በሕዝብ ቁጥር ስሌት እንደሚሰመር ያን ቀን ያየነው በቀለም እርሳስ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን በየካቲት ያካሄድነው የ1921ዱ ስምምነት ክርክር ነበር። በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1916፣ በደብሊን ዋና ፖስታ ቤት ሪፐብሊክ ያወጁት አማፅያን በሳምንት ውስጥ ተደመሰሱ፤ ብዙው የከተማው ሰውም አልደገፋቸውም ነበር። በተከታዩ ወር ግን 15 መሪዎችና ተዋጊዎች በጥይት ተረሸኑ፤ የሕዝቡም ልብ ተለወጠ። ለአየርላንድ ነፃነት የሚታገለው ፓርቲ ሺን ፌን በ1918 ምርጫ ከ105ቱ የአየርላንድ መቀመጫዎች 73ቱን አሸነፈ፤ ተመራጮቹም ለንደን አንሄድም ብለው በጥር 1919 በደብሊን የራሳቸውን ምክር ቤት ዴይልን መሠረቱ። እስከ ሐምሌ 1921 የደፈጣ ውጊያ ተካሄደ። ከዚያ አርተር ግሪፊዝና ማይክል ኮሊንስ ለድርድር ለንደን ሲሄዱ መሪያቸው ኤመን ደ ቫሌራ ደብሊን ቀሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ካልፈረማችሁ ጦርነት ይቀጥላል ብለው ካስፈራሩ በኋላ ስምምነቱ ታኅሣሥ 6 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ ወዲህ ተፈረመ። 26ቱ አውራጃዎች እንደ ካናዳ ያለ ነፃ አስተዳደር አገኙ፤ የምክር ቤት አባላት ግን ለንጉሡ ታማኝነትን መማል ነበረባቸው፤ ሰሜኑም ተለይቶ እንዲቀር ተፈቀደለት።

ደጋፊና ተቃዋሚውን በዕጣ ከፈልን። ተማሪዎቹ ሲዘጋጁ ግራ የገባቸው፣ በእውነተኛው የዴይል ክርክር የደሴቲቱ መከፈል ሳይሆን የንጉሡ መሐላ ብዙውን ሰዓት መውሰዱ ነበር። የኮሊንስን ድርሻ የያዘው ልጅ ስምምነቱ የመጨረሻው ነፃነት ባይሆንም ወደዚያ መውጫ መሰላል መሆኑን ተከራከረ፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዷ ደግሞ ወንድሟ ለሪፐብሊክ ሲል የሞተባት እህት ለንጉሥ ማሉ የሚላትን ሰው በምን ዓይን ታየዋለች ብላ ጠየቀች። ዴይል በጥር 1922 ስምምነቱን ያጸደቀው 64 ለ57 ነበር፤ ክበባችን 14 ለ12 አጸደቀው። ውጤቱ ሲነገር ሁለት ጓደኛሞች ሳይነጋገሩ ወጡ፤ በማግስቱ ታርቀው አየኋቸው። የአየርላንዶቹ ግን አልታረቁም። በሰኔ 1922 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ኮሊንስ በነሐሴ፣ በተወለዱበት በኮርክ አውራጃ፣ ገና በ31 ዓመታቸው በደፈጣ ተገደሉ፤ አዲሱ መንግሥትም ትናንት አብረውት ከተዋጉት መካከል ከሰባ በላይ እስረኞችን ረሸነ። ደ ቫሌራ በ1932 በምርጫ ሥልጣን ሲይዙ ያን የተቃወሙትን ስምምነት መወጣጫ አድርገው፣ በ1933 መሐላውን ሻሩ፣ በ1937 አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ፣ በ1938 ብሪታንያ ይዛቸው የቆየችውን ወደቦች አስመለሱ። አገሪቱ በ1949 በይፋ ሪፐብሊክ ሆነች። ኮሊንስ ስለ መሰላሉ እውነት ነበራቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም መሰላሉ ሰሜኑን አላደረሰም፣ ይህንንም ለተማሪዎቹ ሳልሸሽግ ነግሬያቸዋለሁ።

በሰሜን የነበረውን የሠላሳ ዓመት ግጭት በጥንቃቄ አጠናነው፤ የሟቾችን ምስል ላለማሳየትም ወሰንኩ። በ1968 ካቶሊኮች በመኖሪያ ቤት ድልድልና በአካባቢ ምርጫ የሚደርስባቸውን አድልዎ በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ በ1969 የብሪታንያ ጦር ገባ፤ ጥር 30 ቀን 1972 በደሪ ከተማ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰዎች እዚያው ገደሉ፣ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። እውነቱ በመንግሥት ደረጃ የታመነው በ2010 ነው፤ የምርመራው ሪፖርት ሲወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። በአጠቃላይ ከ3,500 የማያንስ ሰው ሞተ፤ ከታጣቂዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የገደለውም ሰሜኑን ከብሪታንያ ለማላቀቅ የሚዋጋው የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር መሆኑን፣ የፕሮቴስታንት ታጣቂዎችም ብዙ ሰላማዊ ካቶሊኮችን መግደላቸውን አብረን መዝግበናል። በካርታችን ላይ የከተማይቱን ስም ለመጻፍ ስንደርስ ክርክር ተነሣ፤ ብሔርተኞቹ ደሪ፣ የአንድነት ደጋፊዎቹ ለንደንደሪ ይሏታልና። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፍናቸው።

በግንቦት የስቅለት ዓርብ ስምምነትን ሐረግ በሐረግ አነበብን። ሚያዝያ 10 ቀን 1998 በአሜሪካዊው የቀድሞ ሴናተር ጆርጅ ሚቸል አወያይነት የተደረሰው ይህ ስምምነት ሰሜን አየርላንድ ሕዝቧ በድምፁ እስካልወሰነ ድረስ በብሪታንያ ሥር እንደምትቆይ፣ ከወሰነ ግን ሁለቱ መንግሥታት ውሳኔውን እንደሚፈጽሙ ይደነግጋል። የሰሜኑ ተወላጅ አይሪሽ ወይም ብሪታንያዊ ወይም ሁለቱንም ነኝ የማለት መብት አለው። ሥልጣን የግድ በጋራ ነው፤ ከየወገኑ የሚመጡት ሁለቱ የመንግሥት መሪዎች ሥልጣናቸው እኩል ሲሆን አንዱ ከለቀቀ ሌላው ብቻውን መቀጠል አይችልም። በግንቦት 22ቱ ሕዝበ ውሳኔ በሰሜን 71 በመቶ፣ በሪፐብሊኩ 94 በመቶ ደገፈው። የ10ኛ ክፍሉ ተማሪ የመስከረሙን ጥያቄ እዚህ ላይ ራሱ መለሰው፦ የራግቢው ማኅበር ከመከፈሉ በፊት የነበረውን አንድነት ይዞ ሲቀጥል የእግር ኳሱ ተሰነጠቀ፤ ስምምነቱም ሁለቱም እንዲኖሩ ቦታ ትቶላቸዋል።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ድንበር እንደገና ያነሣውን ጣጣ ለመጨረስ ጊዜ አጠረን፤ የ12ኛ ክፍል አባላት ለመልቀቂያ ፈተና ዝግጅት ስለተለዩን ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ስለ ሰሜን አየርላንድ ንግድ ከተስማሙበት ከ2023ቱ የዊንዘር ማዕቀፍ ላይ አቁመናል። በመጪው ዓመት የምንጀምረው ግን ከራሳችን ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 በጄኔቫ ባሰሙት አቤቱታ። ደ ቫሌራ ያኔ በመንግሥታቱ ማኅበር የአገራቸው ድምፅ ነበሩ፤ አየርላንድም በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ተቀብላ ነበር። ሁለት ስም ያላት ከተማ ያለችበት ካርታችን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መመዝገብ የሚፈልግ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እዚያው ያገኘናል።