ግፊቱ ተለካ፤ ቁጥሩን ማን ያየዋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከስልክ ጋር የሚናበብ የደም ግፊት መለኪያ ለወሎ ሕመምተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ለአንድ ልኬት ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ መመላለስን ያስቀራል፤ ሐኪሙም ጋዋን አይቶ የደነገጠ ሰው ያስመዘገበውን አንድ ቁጥር ሳይሆን የሳምንቱን ያገኛል። ነገር ግን ቁጥሩን በየሳምንቱ ከፍቶ የሚያይና መድኃኒት የማስተካከል ሥልጣን ያለው ባለሙያ በጤና ጣቢያው አስቀድሞ ካልተመደበ፣ መለኪያ ማደል ግፊት አያወርድም። ይህ ሳይሟላ ዕደላው ባይጀመር እንመርጣለን።

ብዙው ስሕተት የሚጀምረው ከልኬቱ ነው። ደሴ ብርድ ነውና ሰው ሹራቡን ሳያወልቅ ክንዱን ይሰጣል። መጠቅለያው ግን በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን እጥፋት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጠመጠማል። ከመሣሪያው ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጠቅለያ ዙሪያው ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ስለሆነ፣ ወፍራም ክንድ ላይ ሲጠብ ግፊቱን ከሆነው በላይ ያሳያል። ከመለካት በፊት ባለው 30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም፤ በአቦልና በቶና መካከል የሚለካ ሰው የቡናውን ግፊት ነው የሚልክልን። ሽንት ተሸንቶ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አርፎ 5 ደቂቃ ያለ ወሬ መቀመጥ ያስፈልጋል። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ በፊት፣ ከዚያም ማታ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይለካል። የመጀመሪያው ቀን ተጥሎ የቀሪው አማካይ ይወሰዳል። በቤት ልኬት አማካዩ 135/85 ከደረሰ ከፍተኛ ነው፤ 140/90 የሚባለው ጤና ተቋም ውስጥ ለሚለካው ነው። 180/120 ታይቶ የደረት ውጋት፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ መልእክት መላኩ ይቅርና ወዲያው ወደ ሕክምና ይኬድ።

ሰዓትም ያሳስታል። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የተባለ ኪኒን ስልኩ ላይ 20:00 ተብሎ መሞላት ሲገባው 2:00 ይሞላና ማስታወሻው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል። ሰውየውም ይነቃል፣ ይራገማል፣ ያጠፋዋል። የባትሪ ድንጋይ ሲቀየር ደግሞ የብዙ መለኪያዎች ቀን ወደ መነሻው ይመለሳል፤ የዛሬው ልኬት ከዓመታት በፊት እንደተለካ ሆኖ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባል። በረመዳን ማስታወሻው ወደ ሱሑርና ወደ ኢፍጣር መዞር አለበት፤ በተለይ የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር።

መልእክት አዘጋጆች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዝ አንድ የጽሑፍ መልእክት በእኛ ፊደል የሚይዘው ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል፣ የላኪው ሒሳብም እንዲሁ። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ማንበብ ለማይችል ሰው የተቀዳ ድምፅ ይሻላል፤ ከሚሴ አካባቢ በአፋን ኦሮሞም ይሁን። ሒሳብ የሌለው ሕመምተኛ ሚስኮል አድርጎ ጤና ጣቢያው መልሶ ቢደውልለት ከየትኛውም መተግበሪያ ይቀላል። ደግሞም ስልኩ የቤተሰቡ ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ ስም ያለበትን መልእክት ጎረቤት ጭምር ያነበዋል። «የሐሙስ ቀጠሮዎን አይርሱ» ይበቃል።

የአኗኗር ምክሩም ከገበታችን ይነሣ። «ጨው ይቀንሱ» ብሎ መላክ ምንም አይደለም። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ሲባል በበርበሬውና በሽሮው የገባው፣ ቡናውን በጨው ለሚጠጣም ያ ጭምር እንደሚቆጠር ይነገር። እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ሰኞ ባቲ ገበያ በእግሩ ደርሶ ለሚመለስ ገበሬ ምን አዲስ ነገር ይነግረዋል? ለኮምቦልቻ የቢሮ ሠራተኛ ግን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመዱን ይቆጣጠርበታል።

ወረቀቱን ግን አንጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ወልድያና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ ቆይተዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ታብሌት ላይ ብቻ ያለ መዝገብ አይከፈትም። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የመጨረሻው አማካይ ልኬት በየቀጠሮው በሕመምተኛው ካርድ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ።

ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ክትትል ላይ የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች
ከደሴ