ወይን የቡፌ ጌጥ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በአንባብያን ጥያቄ ዓምዳችሁ ላይ አንድ ወንድማችን፣ በሠርጉ ቀን በስጦታ ያገኘው ወይን ሳይከፈት እስከ ዛሬ ቡፌ ውስጥ መኖሩን ጽፎ «ልጠጣው ወይስ ልድፋው?» ሲል ጠይቆ ነበር። ርካሽ ወይን መሆኑንም አልደበቀም። የሰጣችሁት መልስ «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል፤ ሳትፈራ ጠጣ» የሚል ነው። «ሳትፈራ» በሚለው እኔም እስማማለሁ። «ይጣፍጣል» የሚለው ግን ሰውየውን እንግዳ ፊት የሚያሳፍር ምክር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሆቴል የመጠጥ መጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ዕቃ ሲገባ ውስኪው ይቆማል፣ ወይኑ ይጋደማል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ውድ ከሆኑት ጥቂት የፈረንሳይ ጠርሙሶች በቀር መደርደሪያ ላይ የከረመ ወይን በቆጠራ ጊዜ «ለምን አልወጣም?» ተብሎ ያስጠይቅ ነበር። በየሳሎኑ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የከረመው ይከበራል።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተነሡት ነዋሪዎች አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። ዕቃዋን ስንሸክፍ ቡፌውን ከፈትን፤ ከሻይ ስኒዎቹና ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ ጀርባ የወይን ጠርሙስ ተደርድሮ አገኘን። ለገና የመጣ አለ፣ ለልጇ ምረቃ የመጣ አለ፣ ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ አውሮፕላን ማረፊያ የገዛው አለ። ሁሉም «እንግዳ ሲመጣ» ተብሎ የተቀመጠ ነው። እንግዳው እኮ ስንት ጊዜ መጥቶ ቢራውን ጠጥቶ ሄዷል!

ኮንዶሚኒየሙ ገብታ አዲሶቹን ጎረቤቶች ቡና በጠራች ጊዜ ጠርሙሶቹን እየከፈትኩ ለሴቶቹ አቀመስኳቸው። ነጩ ወይን ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ፣ ሽታው ተልጦ ያደረ ፖም ሆኗል። ደረቁ ቀይ ገና መክፈቻው ሲነካው ቡሹ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ቤቱን አቼቶ አቼቶ አሸተተው። አክሱሚቱ ተርፏል። ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩ ጉድለቱን ሸፍኖለታል፤ የፍሬው ሽታ ጠፍቶ የዘቢብ ጣዕም ቢቀርበትም እህቴ ደግማ ቀድታለች። ሁላችንንም ያስገረመን ግን ከቡፌው ያልወጣው ነው። ቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከነእንጨት ሳጥኑ እንደተጋደመ የተረሳ የደቡብ አፍሪካ ቀይ ወይን ነበር። እንደ አዲስ ነው አልልም፣ ግን በደንብ ይጠጣል። ዋጋው ከሌሎቹ የሚበልጥ አልነበረም። ጨለማ ውስጥ ተኝቶ በመክረሙ ነው የዳነው።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ወይንን የሚያበላሸው አየር ነው። ቡሽ ከወይኑ ጋር ተነካክቶ እርጥብ ካልሆነ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ በጎኑ አየር ያስገባል። ቆሞ የሚኖር ጠርሙስ ደግሞ ቡሹን የሚያርስለት የለም። በዚያ ላይ ቀን ፀሐይ ሳሎኑን ስታሞቀው ወይኑ ያብጥና ቡሹን ይገፋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም አስቡት። ፋብሪካው ለመከላከያ ብሎ የሚጨምረው ሰልፋይትም ቀስ በቀስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ የፍሬው ሽታ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይለወጣል፣ በመጨረሻም ያለ አየር መሥራት የማይችሉት ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አቼቶ ማለት ያው እሱ ነው። ብርሃንም የራሱን ጥፋት ይጨምራል፣ በተለይ ቀለም የሌለው ጠርሙስ ላይ። እኛ ደጋ ላይ ስለምንኖር ዕድለኞች ነን፤ ድሬዳዋ ያለ ቡፌ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የእህቴ አክሱሚት እንኳ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ሲቆይ የሚሻሻል ወይን የለም አላልኩም። አለ። ታላላቆቹ የፈረንሳይ የቦርዶ ወይኖች፣ የጣሊያኑ ባሮሎ፣ የፖርቱጋሎቹ ቪንቴጅ (የአንድ ዓመት ምርት) ፖርቶና ማዴራ ገና ሲጠመቁ ለመቆየት ታስቦባቸው ነው። ታኒናቸው (ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚገኘው አፍ የሚያጨማድደው ነገር)፣ አሲዳቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ስኳራቸውና ተጨማሪ አልኮላቸው ዓመታትን ያሻግራቸዋል። ገዢውም ለዚያ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው። እኛ ከሱፐርማርኬት የምንገዛቸው ጉደርና ክሪስታል፣ አክሱሚት፣ ከዝዋይ የሚመጡት አካሺያና ሪፍት ቫሊ ግን ለማዕድ የተሠሩ፣ ተገዝተው የሚጠጡ ናቸው። ይህ ስድብ አይደለም፤ በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን እንደዚሁ ነው። የኔ ልክ ይህ ነው፦ ነጩ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ደረቁ ቀይ ቢበዛ በአራት ዓመት ውስጥ ይጠጣ። የካርቶኑ ወይን ዓመት እንዲሞላው አልፈቅድም፤ የውስጡ ፕላስቲክ ከረጢት ከጠርሙስ ይልቅ አየር ያሳልፋል።

ውድ ወይንም ቢሆን ቡፌን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ 1787 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የሻቶ ላፊት (ዝነኛ የቦርዶ ወይን) ጠርሙስ በ105,000 ፓውንድ ተሸጦ ነበር። የገዛው የአሜሪካው የፎርብስ ቤተሰብ ነው። የፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ንብረት ነበር ተብሎ ስለተሸጠ፣ ኒው ዮርክ ባለው ማሳያቸው መስታወት ውስጥ አቁመው መብራት አበሩበት። ቡሹ በሙቀቱ ደርቆ ተኮማተረና ጠርሙሱ ውስጥ ወደቀ። (የጀፈርሰን መሆኑም በኋላ አጠራጥሯል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ነው።) የካዛንቺሱ ቡፌ መብራት እንኳ አልነበረውም።

መጽሐፍ ጠቅሰው የሚከራከሩኝ አሉ። በሉቃስ ወንጌል አሮጌው ወይን ይሻላል ተብሏል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቃና ዘገሊላን እጠቅስላቸዋለሁ፦ አሳዳሪው ቀምሶ ያደነቀው ወይን በዚያችው ሰዓት ከውኃ የተለወጠ ነው፤ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ፤ ጠያቂው በዋናነት የፈራው መመረዝን ይመስለኛል። ተዘግቶ የቆየ ወይን መርዝ አይሆንም። አልኮሉና አሲዱ አንድ ላይ ሰው የሚያሳምሙትን ጀርሞች እንዲባዙበት አይፈቅዱም። «ሲቆይ ወደ ሜታኖል ይለወጣል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በሜታኖል ሰው የሚሞተው በሕገወጥ መንገድ ተጣርቶ ወይም ተቀላቅሎ በሚሸጥ መጠጥ ነው። ከታች የሚቀመጠው ጥቁር ዝቃጭ የወይኑ ቀለምና ታኒን ነው፤ ጠርሙሱን ሳያናውጡ ቀስ ብሎ መቅዳት ይበቃል። እንደ ስኳር የሚያብረቀርቀውን ደግሞ ብዙ ሰው የጠርሙስ ስባሪ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ እኔም ጋ ስንት አስተናጋጅ ብርጭቆ ይዞ እየሮጠ መጥቷል። የወይኑ አሲድ ጠጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም። በአንጻሩ በጣም የምፈራው አንድ ነገር አለ። እኛ ጠርሙስ አንጥልም። ወይኑ አልቆ አረቄ የተቀዳበት፣ ከዚያ ላምባ ወይም በረኪና የገባበት ጠርሙስ በየቤቱ አለ፤ ቡሹም ተመልሶ ይወተፋል። ስለዚህ የፋብሪካው እሽግ የተነካ ከሆነ፣ ወይም ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ለመቅመስ እንኳ አትሞክሩ። ድፉት።

እሽጉ ካልተነካ ግን ጠያቂው ይክፈተው። በነጭ ብርጭቆ ቀድቶ በመስኮት በኩል ይየው፣ ያሽትተው፣ ትንሽ አፉ ውስጥ ያንከባልለው። ካልጣመው ይትፋው፤ ማንም አይቀየመውም። ደብዛዛ ሆኖ ገና ካልኮመጠጠ ለጥብስ ይሆናል፤ ሽንኩርቱ ላይ ጠብ ሲል ሥጋውን ደህና አድርጎ ያለሰልሰዋል። አቼቶ ከሆነ ሰላጣ ላይ ይግባ፤ ነገር ግን አትክልት ዘፍዝፎ ለወራት ለማቆየት አይታመንም፣ የአሲዱ መጠን አይታወቅምና።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቀይ ወይንን በኮካ፣ ነጩን በአምቦ ውሃ መቀላቀል የከተማችን ልማድ ነው፤ ሰው የወደደውን ይጠጣ። ነገር ግን ቅዳሜ የተከፈተ ጠርሙስ ረቡዕ «በብርጭቆ» ሲሸጥ ኮካው ጉዱን ስለሚሸፍን ደንበኛው አይነቃም። የተከፈተ ወይን ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ቢገባም ከሦስት አራት ቀን አያልፍም። ስታዙ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ፤ መጀመሪያም ሳይቀላቀል ትንሽ ቅመሱ። ሱፐርማርኬት ስትገቡም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ከተደረደረው አታንሡ፤ ከኋላ፣ ጥላ ውስጥ ካለው ይሰጣችሁ።

«ልጄ ሲመረቅ እከፍተዋለሁ» ብሎ ማስቀመጥ ለሚወድ አባት ውስኪ ወይም አረቄ እመክራለሁ። ሳይከፈት ቆሞ ቢከርም አይበላሽም፤ አይሻሻልምም። የግድ ወይን ይሁን ካለ ቪንቴጅ የሚባለውን ፖርቶ ይግዛና ከአልጋው ሥር ያጋድመው። ሌላውን ወይን ደግሞ ከምድጃና ከመስኮት በራቀ ዝቅተኛ ቁም ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ፣ አንገቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የተገዛበትን ወርና ዓመት ይጻፍበት። እኛ መጋዘን ውስጥ የምናደርገው እንደዚያ ነበር፤ በአማርኛ ቁጥር የሚጽፍ አንድ ባልደረባ ስለነበረን ግን ፈረንጁ ሥራ አስኪያጃችን በየቆጠራው ይጨቃጨቅ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ የሆቴል ሠራተኛ
አዲስ አበባ