የናቴን ቦርሳ ማን እንዲፈትሽ ፈቀደ? ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ በተለይ የሸማቾች ጥበቃን ሥራ ለያዛችሁ ኃላፊዎች

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሄን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የኔና የናቴ ብቻ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬት የሚገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከፍለን ዕቃችንን ይዘን በሩ ጋ ስንደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ "ደረሰኝ" ይላል፣ ያየዋል፣ ፌስታሉንም ከፈት አድርጎ ያያል፣ ደረሰኙን በእስክሪብቶ ጫር ያደርገዋል ወይ ጫፉን ቀደድ ያደርገዋል፣ እንወጣለን። ለምደነዋል። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ ምንም ብዬ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር እናቴ ለሕክምና ከደሴ መጥታ ነበር፣ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ለቤት የሚሆን ነገር ልንገዛ አንድ ሱፐርማርኬት ገባን። ዘይት፣ ሩዝ፣ ኦሞ፣ ሳሙና፣ ብዙም አልነበረም። ካሸሯ ዕቃውን ለሁለት ፌስታል ከፋፍላ ደረሰኙን እኔ የያዝኩት ውስጥ ከተተችው፣ እናቴ ቀለል ያለውን ያዘች፣ እኔ ደሞ ራይድ ልጠራ ስልኬን እያየሁ ቀድሜ ወጣሁ። ትንሽ ቆየችብኝ። ዞር ስል በመስታወቱ ትታየኛለች፣ በሩ አጠገብ ቆማ ነጠላዋ ካንድ ትከሻዋ ወርዷል፣ የእጅ ቦርሳዋ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፏል፣ የስኳር መድኃኒቷ፣ መቁጠሪያዋ፣ መታወቂያዋ፣ በመሐረብ የተቋጠረች ብሯ ሁሉም እዛ ላይ፣ የጥበቃው እጅ ደሞ ገና ቦርሳው ውስጥ ነው። ሰው ከኋላ ተሰልፎ ያያል። እናቴ "ልጄ ይዛዋለች፣ ልጄ ትምጣ" ትላለች፣ እሱ "ማዘር ቆይ፣ ማዘር አንዴ" ይላታል። የ67 ዓመት ሴት ናት። በዕድሜዋ ሌባ ተብላ አታውቅም፣ ያን ቀንም በአፍ ማንም ሌባ አላላትም፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት ቦርሳዋ ሲዘረገፍ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ሮጬ ገብቼ ደረሰኙን አሳየሁት። አየው፣ ጫፉን ቀደደው፣ መለሰልኝ። በቃ። ይቅርታ የሚል የለም። ማናጀሩን አስጠርቼ በምን ሥልጣን ነው የሰው ቦርሳ የምትፈትሹት ስለው "የቤቱ ደንብ ነው፣ በሩ ላይም ተለጥፏል" አለኝ፣ የተለጠፈውን ሄጄ አነበብኩት፣ "ሲወጡ ደረሰኝዎን ያሳዩ" ነው የሚለው፣ ቦርሳ ስለመበርበር አንድ ቃል የለበትም። እናቴን ከጠረጠራችኋት ፖሊስ ጥሩ አልኩት። "ለዚህማ ፖሊስ አያስፈልግም" አለኝ። እኔን ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ መልስ ነው፣ ምክንያቱም ፖሊስ የማያስጠራ ነገር ከሆነ ቦርሳ የሚያስዘረግፍ ነገርም አልነበረም ማለት ነው።

ሕግ ተምሬ አይደለም፣ ግን ያን ሳምንት እንቅልፍ ሲጠፋብኝ ሕጎቹን አውጥቼ አነበብኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ማንም ሰው መኖሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱና ንብረቱም ከመመርመር የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 11 ደሞ ሕግ ከሚፈቅደው ውጪ የሰው ነፃነት እንደማይገደብና ሰው እንደማይበረበር ያስቀምጣል፣ እዛው ሕግ ላይ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ሰውን እንዳይንቀሳቀስ ማገድ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጥፋት ነው ይላል። ለአጭር ጊዜም ቢሆን! "አንዴ ቆይ" የሚባለው እኮ እሱ ነው። የናንተው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006ም ሸማች በማንኛውም ነጋዴ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብ፣ ከዛቻ፣ ከማመናጨቅና ከስም ማጥፋት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ይሄ ሁሉ ከተጻፈ ቆይቷል፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ግን አንዱንም አልሰማም፣ የሚነግረውም የለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። መግቢያ ላይ ያለውን ፍተሻ አልተቃወምኩም፣ ሕንፃ ስንገባ ሁላችንም እንፈተሻለን፣ ለሁላችንም ደህንነት ነው። ደረሰኝ አሳዩ ብሎ በጨዋ ደንብ መጠየቅንም አልተቃወምኩም፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ እንደሚሰረቅ አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን ተጠይቄ አሳያለሁ። ሰው ዕቃ ደብቆ ሲወጣ ታይቶ እጅ ከፍንጅ ከተያዘም ይያዝ፣ ግን ወዲያው ለፖሊስ ይሰጥ፣ ፍተሻው የፖሊስ ሥራ ነው፣ ሴትን ደሞ ሴት ትፈትሽ። እኔ የምለው መጠየቅ ሌላ፣ በር ላይ ማገት ሌላ፣ የሰው ቦርሳ ውስጥ እጅ መክተት ደሞ ጭራሽ ሌላ ነው። አሁን ሦስቱም በአንድ ስም "ደረሰኝ ማየት" እየተባሉ ነው የሚሠሩት።

ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ስነግራት "እዚም ኮስትኮ በር ላይ ያዩናል እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግን ኮስትኮ የአባላት መደብር ነው፣ አባል የሚሆን ሰው ሲወጣ ደረሰኙ እንደሚታይ በአባልነት ውሉ ላይ አስቀድሞ ተስማምቶ ነው የሚገባው። እኛ ምን ላይ ተስማማን? ዘይት ልንገዛ ነው የገባነው፣ ከከፈልን በኋላ ዘይቱ የኛ ነው።

ደረሰኙ ራሱም የኛ ነው። ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ወዲያው ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ሸማች ደሞ የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት በአዋጁ ተሰጥቶታል፣ ያንን ለመጠየቅ በእጁ ያለው ማስረጃ ያቺ ወረቀት ናት። ስለዚህ ጥበቃ እየቀደደ የሚመልሳት ነገር አይደለችም። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ብዙ ደረሰኝ ላይ ከታች "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ታትሞ አለ፣ እሱንም እዩልን፣ ሰው አንብቦት ሕግ እየመሰለው የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ ይቀራል።

ስለ ጥበቃው ደሞ ልናገር፣ ምክንያቱም በሱ ላይ ብቻ መፍረድ አልፈልግም። ራይዱን ስንጠብቅ ተከትሎን ወጥቶ ቀስ ብሎ "እህቴ አይፈረድብኝም፣ ዕቃ ከጎደለ ከኛ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው" አለኝ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከደሞዝ መቁረጥን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፣ እሱም ከወር ደሞዙ ሲሶ እንዳያልፍ ተብሎ ነው። ይሄ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ግን የጎደለ ዕቃ ከደሞዙ የሚታሰብበት ልጅ በር ላይ ቆሞ ሰውን እንዴት በትህትና ያስተናግዳል? ተነጋገሩበት።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። አዲስ ሕግ አውጡ አላልኩም፣ ያለውን ሕግ በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ አድርጋችሁ ለየሱፐርማርኬቱና ለጥበቃ ድርጅቶቹ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ደረሰኝ መጠየቅ እንደሚችሉ፣ ሰው አላሳይም ቢል ወይ ቢጠፋበት ካሸሩ ጋ ሄደው ማጣራት እንጂ ማገት እንደማይችሉ፣ ቦርሳ መበርበር እንደማይችሉ፣ በእርግጥ የጠረጠሩትን ለፖሊስ እንዲሰጡ። ያንኑ ገጽ ሸማቹ እንዲያነበው በሩ ላይ ይለጥፉት፣ ቅሬታ የምናቀርብበት ስልክም ይጻፍበት። የንግድ ፈቃድና የዋጋ ዝርዝር ሊያዩ የሚዞሩት ተቆጣጣሪዎች በሩንም ቆም ብለው ይዩት።

እናቴ ደሴ ተመልሳለች። እዚህ በቆየችባቸው ቀናት ዳግም ሱፐርማርኬት እንሂድ ስላት "አንቺ ሂጂ፣ እኔ ከጉሊት ሽንኩርቱን ልግዛ" ትለኝ ነበር፣ ስለዛ ቀን ግን አንድም ቀን አንስታ አላወራችም። ጫፉ የተቀደደው ደረሰኝ እኔ ጋ ነው፣ ጽሑፉ መደብዘዝ ስለጀመረ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከጠራችሁኝ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ሸማች፣ ከአዲስ አበባ