ቡችላ ከማምጣታችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ከወር በፊት የ9 ዓመት ልጄ ቡችላ ግዢልኝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው ሲሸጡ አይቶ ነው። ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ቦቢ ትዝ አለኝ።

ቦቢን ያመጣሁት የዛሬ 4 ዓመት ለትልቋ ልጄ ነበር። የምንኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻጩ «ሁለት ወር ሞልቶታል» አለኝ፣ አመንኩት። ለካ ገና ጡት ያልጣለ ነበር። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት እንዳለበት የነገረኝ በኋላ ያየው የእንስሳት ሐኪም ነው።

እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ቦቢ ብቻውን ያላዝናል። አንዱ ጎረቤታችን የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ቀን ነው የሚተኛው። መጀመሪያ በትሕትና፣ ኋላ በቁጣ ነገረኝ። አልፈረድኩበትም። የበራችንን ታችኛውን ጠርዝ ቦቢ በጥፍሩ ቦጫጭሮት ነበር። ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ግን ዛሬም ቤት ስወለውል እጄ ያገኘዋል።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። ሳንባና አጥንት የምገዛበት ልኳንዳ ተዘጋ። እኔም የጾም ወጥ በእንጀራ እሰጠው ጀመር። ሽንኩርት የውሻን ደም እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት መቼ ይሠራል?

በመጨረሻ ለአንድ መጋዘን ዘበኛ ሰጠሁት። ከ3 ወር በኋላ ከልጄ ጋር ልናየው ሄድን። አጭር ሰንሰለት ላይ ታስሯል። የአንገቱ ጸጉር ረግፎ ቆዳው ቀልቷል። ሲያየን ጅራቱን ቆላ። ልጄ ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም።

ውሻ እናምጣ ወይ የምትሉ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የቤታችሁን ውሎ አስቡት። ቀን ማን አብሮት ይውላል? ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱስ? አከራይ ድንገት ልቀቁ ቢላችሁ ይዛችሁት የት ትገባላችሁ? ውሻ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም 3 ወር ሲሞላው ይጀመርና በየጊዜው ይደገማል። «ከግቢ አይወጣም» ብሎ ክትባቱን መተው ክፉ ስሕተት ነው። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ውሻውን የሚያቅፉት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

ልጄን አልከለከልኩትም። ከብሎካችን ጀርባ ግቢ ያላቸው አንዲት እናት ቡቺ የምትባል ውሻ አለቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ውኃዋን ይቀይራል፣ ኩሷን ይጠርጋል። ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸው ከቀጠለ፣ ቀን ቤት የሚውል ሰውም ካገኘን እንነጋገራለን ብዬዋለሁ። እስካሁን 4 ቅዳሜ ሄዷል።

አንዲት እናት
ከሰሚት፣ አዲስ አበባ