ለጭነት ፍተሻ ክፍሉ ኃላፊ፦ በጋኔሻ ሐውልት ጀርባ ላይ ስለተበሳው ቀዳዳ

ክቡር ኃላፊ፣

ከ5 ወር በፊት፣ እርስዎ በሚመሩት የአየር ማረፊያ ፍተሻ ክፍል ውስጥ፣ ከሻንጣዬ የወጣ፣ ጋኔሻ የተባለው ባለ ዝሆን ራስ የሂንዱ አምላክ የነሐስ ሐውልት ዓይኔ እያየ በመሰርሰሪያ ተበስቷል። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ ሦስት ጊዜ በአካል አቤት ብያለሁ። ደብዳቤዎቼ የገቢ ማኅተም ተመትቶባቸዋል፤ መልስ ግን የለም። በመጨረሻው ቀጠሮዬ ከቢሮዎ «ለአንድ ጌጥ ይህን ያህል?» ተባልኩ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በዚያች ቃል ምክንያት ነው፤ ሐውልቱ ጌጥ አልነበረምና።

የተሠራው በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በካቬሪ ወንዝ አካባቢ በምትገኘው ስዋሚማላይ ነው። በዚያች ከተማ ስታፓቲ የሚባሉ ቀራጮች፣ ከ9ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከገዙት ከቾላ ነገሥታት ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የአማልክት ሐውልት አሠራር ዛሬም ይዘው ይኖራሉ። የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ እንደመሆኔ፣ ይኸው ሐውልት ሲሠራ በአንድ ወርክሾፕ ወለል ላይ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። የንብ ሰም ከዛፍ ሙጫና ከለውዝ ዘይት ጋር ቀልጦ ይደባለቃል። ቀራጩ የኮኮናት ቅጠል በሐውልቱ ቁመት ልክ ይቆርጥና ደጋግሞ ያጥፈዋል፤ የፊቱ፣ የደረቱ፣ የእግሩ ምጣኔ ሁሉ ከዚያ እጥፋት ይለካል። ሰሙ ቅርጹን ሲይዝ ከካቬሪ ዳርቻ የመጣ፣ እንደ ዱቄት የላመ ደለል ይቀባና በጥላ ይደርቃል፤ በላዩ ሻካራ ጭቃ ተመርጎ በሽቦ ይታሰራል። በኩበት እሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ እሱ በለቀቀው ቦታ መዳብ፣ ናስና እርሳስ፣ ከጥቂት ብርና ወርቅ ጋር ቀልጠው ይፈስሳሉ። ከዚያ የጭቃው ቅርፊት በመዶሻ ይሰበራል። ስለዚህ ከአንድ ቅርፊት ሁለት ሐውልት አይወጣም። ቀሪው የመሮ ሥራ ነው፤ የዓይኑ መስመር ከሁሉም በኋላ በሥርዓት ይከፈታል። የእኛም አንጥረኞች ይህንኑ መንገድ ያውቁታል፤ በቅኔ «ሰምና ወርቅ» የምንለው ከዚህ ሥራ የመጣ ነው።

የስዋሚማላይ ሐውልት ውስጡ ድፍን ነው። የእርስዎ ሠራተኛ ያላወቁት ይህን ነው። ሐውልቱ በኤክስሬይ ላይ ጥቁር ሆኖ ታየ። ሠራተኛው አነሡት፤ «ስንዝር የምታህል ዕቃ እንዲህ ልትከብድ አትችልም፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር አለ» አሉ። የጋኔሻ ሆድ ሰፊ ነው፤ ጥንትም እንዲሁ ነው የሚቀረጸው። የወርክሾፑን ደረሰኝ ዘረጋሁላቸው። ሐውልቱ አዲስ እንጂ ጥንታዊ ቅርስ አለመሆኑን የህንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ያረጋገጠበትን ወረቀትም አሳየኋቸው። አላነበቡትም። መሰርሰሪያ አስመጡ። የስክሪብቶ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ከመሀል ጀርባው ገባ፤ ቢጫ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ፤ እሳቸውም በመዳፋቸው ጠርገው መሬት ላይ አራገፉት። ምንም አልተገኘም። «መሄድ ትችላለህ» ተባልኩ።

ፍተሻን አልቃወምም፤ ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት እንዳለ አውቃለሁ። በታሚል ናዱ ከሚገኘው ከስሪፑራንታን ቤተ መቅደስ የተሰረቀ የሺቫ ናታራጃ (ሲጨፍር የተቀረጸው የሂንዱ አምላክ ሺቫ) ሐውልት የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶት፣ አውስትራሊያ በ2014 ለህንድ መልሳዋለች። የህንድ የ1972 እ.ኤ.አ. ሕግ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሐውልት ግለሰብ ይዞ እንዳይወጣ የሚከለክለው፣ አዲስ ሐውልት የገዛም ሰው ወረቀት የሚያወጣው በዚህ ሁሉ ዘረፋ ምክንያት ነው። እኔ ያንን ወረቀት ለማግኘት ቀናት ተመላልሻለሁ። የማይነበብ ከሆነ ለምን ይጠየቃል? ደግሞስ እውነት ጥንታዊ ቅርስ ቢሆን ኖሮ፣ የእርስዎ ክፍል የ900 ዓመት ሐውልት ይበሳ ነበር ማለት ነው?

ሐውልቱን ያመጣሁት ከ30 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ፊዚክስ ላስተማሩ፣ አሁን በጡረታ ለሚኖሩ ህንዳዊ መምህሬ ነበር። ጠዋት ጠዋት አበባ የሚያኖሩበት ቦታ አዘጋጅተውለት ነበር። ተቀበሉኝ፤ ሐውልቱን አዞሩት፤ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በእምነታቸው አካሉ የተጎዳ ምስል አይመለክም፤ ለወንዝ ነው የሚሰጠው። ቀዳዳው በብረት ቢደፈንም ለእሳቸው ያው ነው። በመጨረሻ ወደ ማድ ቤት ገብተው ሚዛንና አፉ ድረስ ውሃ የሞላ ድስት አመጡ፤ 9ኛ ክፍል ሳለሁ እንዳስተማሩኝ አድርገውም ለኩት። ክብደቱ 3 ኪሎ ከ400 ግራም፣ ያፈሰሰው ውሃ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ሆነ። ከውሃ ስምንት እጥፍ ተኩል ይከብዳል ማለት ነው፤ ድፍን የመዳብ ቅይጥ የሚከብደው ይህንኑ ያህል ነው፤ ውስጡ ባዶ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ይህን ማድረግ ለክፍልዎ አያቅተውም ነበር።

የካህን እጅ መስቀል፣ የዲያቆን ጽናጽል እንዲሁ በባዕድ አገር ጠረጴዛ ላይ ቢበሳብን ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን።

ክቡር ኃላፊ፣ ካሣ አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም። በዕለቱ መሰርሰሪያ እንዲያዝ የፈቀደው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው የመመሪያ አንቀጽ እንደተፈቀደ፣ ያቀረብኩት ማስረጃም ለምን እንዳልታየ በጽሑፍ ይግለጹልኝ። ለመምህሬም በስማቸው የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። ወስጄ በእጃቸው የማስረክበው እኔ ራሴ ነኝ።