የበቆሎ ድጎማ ስሌት ይታረም

ክቡር አዘጋጅ፣

የአሜሪካ መንግሥት ለበቆሎ አምራቾች የሚከፍለው ድጎማ በዘሩት ልክ እንደሆነ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ስህተት ነው። የዋጋ ማካካሻው የሚታሰበው በካውንቲው (ከክፍለ ግዛት በታች ባለው አስተዳደር) የግብርና ቢሮ በተመዘገበው ነባር የሰብል መሬት፣ «ቤዝ ኤከር» በሚባለው ነው። ገበሬው ዘንድሮ አኩሪ አተር ቢዘራበትም የበቆሎው ክፍያ አይቀርበትም።

ለምሳሌ በ2016 እ.ኤ.አ. ምርት ዘመን በሕግ የተወሰነው የበቆሎ መነሻ ዋጋ 3.70 ዶላር፣ የገበያው አማካይ 3.36 ነበር፤ ልዩነቱ በቡሼል (በአሜሪካ የእህል መስፈሪያ) 34 ሳንቲም። 100 ኤከር (አንዱ 0.4 ሄክታር ገደማ) በበቆሎ የተመዘገበለትና በኤከር 120 ቡሼል ምርት የተያዘለት ሰው፣ 34 ሳንቲሙ በ120 ከዚያም በ85 ኤከር ይባዛለታል፤ ሕጉ የሚከፍለው ለመሬቱ 85 በመቶ ብቻ ነውና። ውጤቱ 3,468 ዶላር ነው፣ መንግሥት በጀት ለመቆጠብ ከክፍያው የሚቀንሰው ሳይቀነስ። ገንዘቡ የተለቀቀው ደግሞ ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ ግን ይህን ያህል አይታገሥም።

ይበልጥ የሚያሳዝነው በዋጋ ማካካሻው ፋንታ የሚመረጠው፣ በካውንቲው አማካይ የሰብል ገቢ የሚሰላው ክፍያ ነው። የአንዱ ማሳ በበረዶ ቢወድም የካውንቲው አማካይ ካልወረደ ምንም አያገኝም። ለዚያ ጉዳት የሚደርስለት የሰብል ኢንሹራንስ ነው፤ በአዮዋና በኢሊኖይ ለበቆሎ መግዣው የመጨረሻ ቀን ማርች 15 ነው።