ዳታቤዙን ሁሉም በአንድ ስም ይጥራው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጎንደር ላይ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች የካርድ ክፍሉን፣ የፋርማሲውንና የሒሳቡን ዌብ አፕሊኬሽን በአንድ የጃቫ ፕሮግራም ውስጥ ማስነሳታችሁ ደግ ነው። እያንዳንዱ የራሱን የዳታቤዝ ፑል (ተከፍተው የሚጠብቁ ግንኙነቶች ስብስብ) ይዞ መነሣቱ ግን መቅረት አለበት። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ቅንብሩ ካልተነካ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው፤ 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸው። 10 አፕሊኬሽኖች አሥር አሥር ከከፈቱ የመጨረሻው በር ይዘጋበታል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግም አያዛልቅም፤ እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ ፕሮሰስ ስላለው የማሽኑን ሜሞሪ ይበላል።

ፑሉ አንድ ይሁን። አፕሊኬሽኖቹን በሚያስነሳው ሰርቨር ደረጃ ይፈጠር፣ በጄኤንዲአይ (በጃቫ ዕቃን በስም መፈለጊያ) ስም ይውጣለት፣ ሁሉም በዚያ ስም ይጠይቁት። የይለፍ ቃል ሲቀየርም የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። በፕሮግራም ውስጥ የሚነሣው ቶምካት የተባለ የጃቫ ሰርቨር የስም አገልግሎቱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ከመነሣቱ በፊት «ኢኔብል ኔሚንግ» ካልተጠራ ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላው ሰርቨር ጄቲ ስሙን መጀመሪያ በአፕሊኬሽኑ፣ ቀጥሎ በሰርቨሩ፣ በመጨረሻ በጠቅላላው ጃቫ ማሽን ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ አፕሊኬሽን ውስጥ የተረሳ ተመሳሳይ ስም የጋራውን ይጋርደዋል።

ብዙ ሰው የሚያድረው ሌላ ችግር ላይ ነው። የጋራ የሚሆነው ዕቃ ራሳችሁ የጻፋችሁት አገልግሎት ከሆነ፣ የኢንተርፌሱ (የአገልግሎቱ ውል) ጃር ፋይል ሰርቨሩ ጋ ብቻ ይቀመጥ። ቅጂው በአፕሊኬሽኑ ዌብ-ኢንፍ ሊብ ማኅደር ውስጥም ከገባ «ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን» የተባለ ስሕተት ይመጣል፤ መልእክቱ ላይ ግራና ቀኝ የሚታየው ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ ግራ ያጋባል። ጃቫ ክላስን የሚለየው በስሙ ብቻ ሳይሆን በጫነው ክላስ ሎደርም ነው። ሜቨን በተባለው የኮድ መገንቢያ መሣሪያ የምትሠሩ ከሆነ ጃሩ ከአፕሊኬሽኑ ጋር እንዳይታሸግ ጥገኝነቱን «ፕሮቫይድድ» በሉት።

መጋራት ዕዳም አለው። አንዱ አፕሊኬሽን ግንኙነቱን ሳይዘጋ ከቀረ ሁሉም ይቆማሉ፤ የቶምካቱ ነባሪ ፑል የመጠበቂያ ጊዜ ካልተወሰነለት ያለ ገደብ ይጠብቃልና ወሰን ስጡት። መብራት ጠፍቶ የዳታቤዙ ማሽን ብቻውን ሲነሣ ፑሉ ውስጥ የሞቱ ግንኙነቶች ይቀራሉ፤ ከመሰጠታቸው በፊት እንዲፈተሹ አድርጉ።

ሶፍትዌር የምትረከቡ መሥሪያ ቤቶችም ሁሉም አፕሊኬሽን ተነሥቶ ሳለ የፖስትግሬስን ግንኙነቶች የሚዘረዝረውን «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ»ን አስከፍታችሁ ግንኙነቶቹን ቁጠሩ።

ተጠቃሚ የጻፈውን ቃል ግን ፈጽሞ የጄኤንዲአይ ስም አድርጋችሁ አትፈልጉ። በ2014 ዓ.ም. ዓለምን ያስጨነቀው የሎግ-ፎር-ጄ (የጃቫ መዝገብ መጻፊያ) የደኅንነት ቀዳዳ የተከፈተው በዚሁ በኩል ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ከጎንደር